ድንጋዩን ልጅ አይሸከም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ወገኖቼ። ከቢቸና ወጥተን ቶሮንቶ ከገባን ስድስት ዓመት ሆኖናል። ከባለቤቴ ጋር ተለያይተን መኖር ከጀመርን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሲሆን፣ የፍቺው ጉዳይ አሁን በፍርድ ቤት ነው። የአሥራ አምስት ዓመት ልጃችን በሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ውስጥ ታገለግል ነበር፤ ከጥምቀት ወዲህ ግን መሄድ አቁማለች። ምክንያቱን ስጠይቃት «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው ብላችሁ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ ታዲያ የትኛው ነው ውሸቱ?» አለችኝ። የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ደግሞ በየእሑዱ ከቢቸና እየደወሉ «እናትና አባትሽን የምታስታርቂ አንቺ ነሽ» ይሏታል። ከስልኩ በኋላ ክፍሏን ዘግታ ትውላለች። ምን ልበላት? ፋሲካንስ ከማን ጋር ታሳልፍ?

መልስ፦

እኅቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከጻፉት ሁሉ የከበደኝ የእሑዱ ስልክ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

እኔ የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። አባትና እናቴ የተፋቱት በ1996 ዓ.ም.፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ነው። ሽማግሌዎች አራት እሑድ ያህል ቤታችን ተቀምጠው፣ አባቴን ከተከራየበት ቤት እያስጠሩ፣ እናቴን ከጓዳ እያስወጡ ሲደክሙ ከቆዩ በኋላ፣ መላው ሲጠፋቸው ወደ እኔ ዞሩ። የበኩር ልጅ በመሆኔ ድንጋይ ተሸክሜ አባቴ እግር ላይ እንድወድቅ መከሩኝ። በአገራችን ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ የሚለምነው የበደለ ሰው መሆኑን እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔ ማንን እንደበደልሁ ግን የጠየቀ አልነበረም። አባቴ ድንጋዩን ከጫንቃዬ አንሥቶ አለቀሰ፣ ግንባሬን ሳመኝ፣ ወደ ቤት ግን አልተመለሰም። ሽማግሌዎቹ ያደረጉት በቅንነት ነበር፤ ክፋት አላየሁባቸውም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል፣ አንደበቴ ባይያዝ ኖሮ፣ አጥብቄ ብለምነው ኖሮ ይመለስ ነበር እያልሁ ራሴን ስከስስ ኖሬአለሁ። የልጅዎ አጎት በስልክ የሚያሸክሟት ይህንኑ ድንጋይ ነው።

በዚያው ሰሞን ለእመቤታችን ስእለት ተስዬ ነበር። ታርቀው አንድ ቤት ከገቡ ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ሳንቲም ማጠራቀም ጀመርሁ። ፍርድ ቤቱ ፍቺውን ሲወስን፣ ስእለቴ ያልሰመረው አንድ ረቡዕ ጾም ስለገደፍሁ ነው ብዬ ደመደምሁ። ይህን ለማንም ሳልናገር ወራት ቆይቼ ለንስሐ አባታችን ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው «እግዚአብሔር የአባትህን ፈቃድ በግድ የማይወስድ አምላክ ሆኖ ሳለ አንተ በአንድ ጃንጥላ ልትወስደው ኖሯል?» አሉኝ። ወዲያው አልገባኝም፤ እንዲያውም ያሾፉብኝ መስሎኝ ተቀየምሁ። ይህን የምጽፍልዎ፣ በእምነት ያደገ ልጅ የወላጆቹን ፍቺ የሚያሰላው በጾምና በጸሎት ሒሳብ መሆኑን ብዙ ወላጅ ስለማያውቅ ነው። ልጅዎ ከመዘምራኑ የቀረችው እምነቷን ስለጣለች ሳይሆን፣ ለምና ለምና ዝም የተባለች ስለመሰላት ሊሆን ይችላል። በምሥጢር የተሳለችው ነገር እንዳለ በለሆሳስ ይጠይቋት።

ስለ ጥቅሱ ያነሣችው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በቁጣ ወይም «ስታድጊ ይገባሻል» በሚል እንዳይመልሱላት እለምንዎታለሁ። ቃሉ ውሸት አይደለም፤ የተነገረው ግን ለባልና ለሚስት እንጂ ለልጅ አይደለም። «እኔና አባትሽ በቃል ኪዳናችን አልጸናንም፤ መልሱን በእግዚአብሔር ፊት የምንሰጠው እኛ ነን» ብሎ መናገር ለእናት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። የእኔ እናት ይህን የነገረችኝ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እኔ ራሴ ካገባሁ ወዲህ ነው፤ ያን ጊዜ ብትነግረኝ ኖሮ ብዙ ሌሊት እተኛ ነበር። ትንቢተ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 ቁጥር 20 ላይ ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ማለቱን አብራችሁ ብታነቡት መልካም ነው።

አንድ ጥቅስ ግን አሁን ባትሰጧት እመርጣለሁ፤ ዘመዶች ሁሉ የሚጠቅሱት «አባቴና እናቴ ትተውኛልና፥ እግዚአብሔር ግን ተቀበለኝ» የሚለውን ነው። በግእዙ ዳዊት ከሰኞው ክፍል፣ በ26ኛው መዝሙር ላይ ስለሚገኝ እኔ ፊደል ከቆጠርሁበት ጊዜ ጀምሮ የማውቀው ቃል ነበር። አንዲት አክስቴ በወረቀት ጽፋ ስትሰጠኝ ግን ደነገጥሁ። አባቴም እናቴም አልተዉኝም ነበርና፣ መተዌን የነገረችኝ ያ ወረቀት ነው። ዛሬ የምጸልይበት መዝሙር ቢሆንም፣ ሰዓቱን የመረጥሁት እኔ ነኝ።

ወደ አጎትየው ልመለስ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የባልና የሚስትን ጠብ የመዳኘትና ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለቤተ ዘመድ ሽማግሌዎች ሰጥቶ ስለነበር፣ ታላላቆቻችን ዛሬም ነገሩ በእጃቸው ያለ ይመስላቸዋል። የአማራ ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ ካወጣ ወዲህ ግን ጎጃምም ውስጥ ቢሆን ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው፤ የሽማግሌ ድርሻ ማስታረቅ ነው። ማስታረቅ የፈለጉ እንደሆነ ለእርስዎና ለወንድማቸው ይደውሉ። ይህን ለእርሳቸው መንገር ያለባቸው ደግሞ ባለቤትዎ ናቸው፤ እርስዎ ቢነግሯቸው ምራት ደፈረችኝ ወደሚል ሌላ ጠብ ይገባል። ባለቤትዎ እምቢ ካሉ ግን ስልኩን እርስዎ ያንሡት።

በዚህ አገር ያለውን በአጭሩ ልጨምር። የካናዳ የፍቺ ሕግ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2021 ጀምሮ ተሻሽሏል። የልጁ ጥቅም ሲመዘን፣ እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ የልጁ ሐሳብ፣ እንዲሁም ያደገበት ባህል፣ ቋንቋና ሃይማኖት ከሚታዩት ነገሮች መካከል ናቸው። በኦንታሪዮ ፍርድ ቤቱ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የልጆች ጠበቃ ጽሕፈት ቤት ለልጅቷ እንዲቆምላት ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ ሐሳቧን የምትናገርበት የራሷ መንገድ አለ፤ በእርስዎ ወይም በአባቷ አፍ መናገር አያስፈልጋትም። እንግሊዝኛው ቢከብድዎት እንኳ የጠበቃ ደብዳቤ እንድትተረጉም አያድርጓት። ብዙዎቻችን በዚህ ጥፋተኞች ነን፤ የባንክ ወረቀት ያስተረጎምነውን ልጅ የፍቺ ወረቀትም እናስተረጉመዋለን። እኔ በማርቆስ ሳለሁ የወር ቀለብ በፖስታ ከአባቴ ወደ እናቴ አመላልስ ነበር፤ እናቴ ብሩን ፊቴ ቆጥራ ስትተነፍስ ከምሰማው ይልቅ የከበደኝ ነገር አልነበረም። ለእናንተ ነገር መናገር ካልቻለች ደግሞ ኪድስ ኸልፕ ፎን የሚባለው የልጆች የስልክ አገልግሎት በመላው ካናዳ ሌትም ቀንም በነጻ ያናግራታል። ንስሐ አባት ያላት ልጅ ለምን ስልክ ትደውላለች የሚል ካለ፣ ንስሐ አባቷ የአባቷም የእናቷም ንስሐ አባት መሆናቸውን ያስታውስ።

ወደ መዘምራኑ እንድትመለስ አይገፏት። ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ «አባትሽስ?» የሚላት ሰው መኖሩን እገምታለሁ። ጥቂት ጊዜ ከኋላ ቆማ አስቀድሳ፣ ሳትጠየቅ ወደ ቤቷ ብትሄድ ምንም አይደለም።

ፋሲካን በተመለከተ «ከማን ጋር ትፈልጊያለሽ?» ተብላ አትጠየቅ፤ ይህ ከወላጆቿ አንዱን ምረጪ ማለት ነው። ሁለታችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙና የተቆረጠውን ንገሯት፤ ካልተስማማት ያን ጊዜ ትናገር። ሌሊቱን ከእርስዎ ጋር አስቀድሳ፣ ጾሙን በቤትዎ ፈትታ፣ ከሰዓት በኋላ ለአባቷ ዶሮ ወጥ ይዛ ብትሄድ ክፉ አይመስለኝም። ወጡን ይዛ ትሂድ እንጂ መልእክት ይዛ አትሂድ።

ከጠያቂዋ የተሰጠ ምላሽ፦

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ለወንድሙ ሊደውል ፈቃደኛ ስላልሆነ ትናንት እኔው ደወልሁ። እንዳሉትም «ደፈርሽኝ» ብለው ስልኩን ዘጉብኝ። ልጄ ከኮሪደሩ ቆማ ሁሉን ሰምታ ኖሯል። ወደ ወጥ ቤቱ ገብታ «ታዲያ እሑድ ባላነሣ ይቻላል?» አለችኝ፤ ይቻላል አልኋት። ስለ ስእለቱ ገና አልጠየቅኋትም።