ሐይቅ፣ ሀይቅ፣ ኃይቅ… ሪፕሌስ ይሻላል ትራንስሌት?

ቦርከና፦
ሰላም ጀመዓ፣ ከኮምቦልቻ ነኝ። ለአንድ ፋርማሲ የደንበኛ መመዝገቢያ በፓይተን እየሰራሁ ነው፣ ችግሩ ሰው ሲፈለግ አይገኝም፣ አንዱ መዝጋቢ አድራሻውን ሐይቅ ይላል ሌላው ሀይቅ ሌላው ኃይቅ፣ ኃይሉም እንደዛው። እና ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ ከነቤተሰባቸው እየቀየርኩ ነው የማወዳድረው፣ ሃ እና ኣ ሲጨመሩ 37 ሪፕሌስ (አንዱን ፊደል በሌላ የሚተካ ትዕዛዝ) ተደረደረ። ደሴ ያለው ጓደኛዬ ኮዱን ሪቪው ሲያደርግ ይሄ ቀርፋፋ ነው ትራንስሌት (ሁሉንም ፊደል ከአንድ ሰንጠረዥ እያየ በአንዴ የሚቀይረው) አድርገው፣ ሉፕ ውስጥ ጽሁፍ በፕላስ የምትቀጥለውንም በጆይን (ቁራጮቹን በአንዴ የሚያገጣጥመው) ቀይረው ብሎ አፕሩቭ አላደርግም አለ። እውነት ለፍጥነት ነው ወይስ የራሱ አመል?

ጦሳ_ስር፦
በጆይኑ ልክ ነው። ስትሪንግ (ጽሁፍ ማለት ነው) አንዴ ከተሰራ አይለወጥም፣ በፕላስ በቀጠልክ ቁጥር ያለው ሁሉ እንደ አዲስ ይገለበጣል። ሲፓይተን (የተለመደው ፓይተን) አንዳንዴ እዛው ያራዝምልሃል ግን እሱን ተማምኖ ኮድ አይጻፍም። ለ3 ቁራጭ ከሆነ ደሞ ጆይን ምን ያደርጋል፣ ኤፍ ስትሪንግ (ቁራጮቹን እዛው ጽሁፉ ውስጥ የምታስገባበት) ጻፍና እለፍ፣ ከፓይተን 3.6 ጀምሮ አለ።

ሸዋበር_ማታ፦
ቦርከና አብሽር፣ ትራንስሌቱ ያን ያህል የለየለት አይደለም። ሲፓይተን ላይ የትራንስሌት አቋራጭ ለአስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት) ጽሁፍ ነው፣ የኛ ፊደል እዛ ውስጥ የለም፣ ስለዚህ በየፊደሉ ዲክሽነሪ (የመቀየሪያውን ሰንጠረዥ) ይፈትሻል። ሪፕሌስ ግን የሚፈልገውን ፊደል ካጣ ምንም ሳይገለብጥ ያንኑ ስትሪንግ ይመልሳል። በታይምኢት (የፓይተን የፍጥነት መለኪያ) ለካው፣ በእንግሊዝኛ ስም ሳይሆን በራስህ ዳታ። እኔ ብሆን ትራንስሌትን እመርጥ ነበር፣ ለፍጥነቱ ሳይሆን ሰንጠረዡ አንድ ቦታ ስለሚቀመጥ፣ 37 መስመር ውስጥ ሠን ሁለቴ ጽፈህ ሡን ብትረሳ ማን ያይልሃል?

የመርሳ_ልጅ፦
ቆይ፣ ስም በተፈለገ ቁጥር ሁሉንም ደንበኛ እያወጣህ ነው እንዴ የምትቀይረው?

ቦርከና፦
አዎ…

የመርሳ_ልጅ፦
እህ! ታዲያ ምን ያከራክራችኋል። ሲመዘገብ አንዴ ቀይረህ ሌላ ኮለም ላይ አስቀምጥ፣ ኢንዴክስ (ፍለጋ ማፍጠኛ) አድርግበት፣ ከዛ ሲፈለግ የምትቀይረው የተጻፈችውን ቃል ብቻ ነው። ዋናውን ስም ግን እንዳትነካ፣ አባቴ ስማቸው በኃ ነው፣ ደረሰኝ ላይ በሀ ሲወጣ አስመልሰው ያስጽፋሉ።

ቦርከና፦
ወላሂ ሰራ። ትራንስሌቱንም አስገባሁለት፣ አሁን ደሞ ነጠላ ኮት ነው ድርብ ኮት የሚል ኮመንት ጽፎልኛል።