ለምርምር ሥራ የቱ ይሻላል? ዊንዶውስ፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ?

ጀማሪ ተመራማሪ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ ዶክትሬቴን ልጀምር ነው። ሥራዬ የባክቴሪያ ጂኖም መተንተን ነው። እስከ ዛሬ ከዊንዶውስ ውጪ ነክቼ አላውቅም። አማካሪዬ ማክ ነው የሚጠቀመው፣ ላብ ውስጥ ያሉት ልጆች ደግሞ አብዛኞቹ ኡቡንቱ በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ናቸው። አንዱ «ዊንዶውሱን ዛሬውኑ አጥፊውና ተገላገይ» ይለኛል፣ ሌላዋ «እስክትለምጂው ጊዜሽን ይበላዋል፣ ተይው» ትላለች። ሁለቱንም ስሰማቸው ልክ ይመስሉኛል።

ላፕቶፔ 16 ጊጋ ራም አለው። ከባድ ከባዱ ስሌት የሚሠራው ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች) ላይ ነው። ጽሑፍ ግን ከአማካሪዬ ጋር የምንመላለሰው በወርድ ነው፣ እርማቱንም እዚያው ላይ ነው የሚያደርግልኝ። ምን ላድርግ? በተለይ ከአንዱ ወደ ሌላው የቀየራችሁ ሰዎች ምን እንደገጠማችሁ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የክላስተር ሰው፦

እህቴ፣ ስለ ላፕቶፑ ከመጨነቅሽ በፊት ሥራሽ መጨረሻ ላይ የት እንደሚሄድ እዪ። ክላስተር ካልሽ ሊኑክስ ነው በቃ። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ፈጣን ተብለው ዝርዝር ውስጥ የሚገቡት 500 ሱፐር ኮምፒውተሮች በሙሉ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው፣ አንድም የቀረ የለም። ስለዚህ ሊኑክስ መማርሽ አይቀርም። የቀረው ጥያቄ ላፕቶፕሽም ላይ ይግባ ወይ የሚለው ብቻ ነው።

የጂኖም ሥራ ከሆነ ይግባ። ብዙዎቻችን ሶፍትዌር የምናወርድበት ባዮኮንዳ የሚያዘጋጀው ለሊኑክስና ለማክ ነው፣ ለዊንዶውስ የለውም። ግን ዊንዶውሱን ማጥፋት አያስፈልግሽም። ደብሊው ኤስ ኤል የሚባለውን ጫኚ። ዊንዶውስ እንዳለ ሆኖ ኡቡንቱን ውስጡ ያስነሳልሻል፣ ሁለተኛው ቨርሽን ደግሞ እውነተኛውን የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) ነው የሚጠቀመው። ወርድሽም እዚያው ይቆይልሻል።

ሁለት ነገር ግን ልብ በይ። ሴቲንጉን ካልነካሽው ከራምሽ ግማሹን ብቻ ነው የሚወስደው፣ ማለትም 16 ቢኖርሽም ሊኑክሱ የሚያየው 8 ነው። ፕሮግራምሽ መሃል ላይ ድንገት ቀጥ ካለ መጀመሪያ እሱን እዪና ከፍ አድርጊው። ሌላው፣ ዳታሽን ሲ ድራይቭ ላይ አስቀምጠሽ ከሊኑክሱ በኩል አትክፈቺው። በተለይ ብዙ ትንንሽ ፋይል ካለሽ በጣም ይንቀራፈፋል። የሊኑክሱ የራሱ ሆም ፎልደር ውስጥ አስገቢው፣ ልዩነቱን ወዲያው ታዪዋለሽ።

ኬሚስቱ፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። ግን ሰው ሁሉ የሚከራከረው ስለ ምቾት ነው፣ እኔን ደግሞ የሚያሳስበኝ የሚወጣው ቁጥር ነው።

በ2014 ከታተመ ጥናት ጋር የወጣ አንድ የፓይተን ስክሪፕት ነበር፣ ለኤን ኤም አር (የሞለኪውል አወቃቀር መለያ ዘዴ) ስሌት የሚያገለግል። በ2019 ሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ያንኑ ስክሪፕት በዚያው ዳታ በተለያየ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሲያስኬዱት የተለያየ ውጤት ሰጣቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ ልክ፣ ኡቡንቱ ላይ ሌላ። ልዩነቱ አንድ በመቶ አይሞላም፣ ግን ሞለኪውሉ ይህ ነው ወይስ ያኛው ብሎ ለሚለይ ሰው እሱም ብዙ ነው። ጥፋቱ የየትኛውም ሲስተም አልነበረም። ስክሪፕቱ ፎልደር ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ሲጠራ በተራቸው ይመጣሉ ብሎ ነው የተጻፈው። ፓይተን ደግሞ ስለ ተራው ምንም ዋስትና አይሰጥም፣ ሲስተሙ እንዳቀበለው ነው የሚያቀብልሽ። መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦ ፋይሎቹን ከመጠቀምሽ በፊት ሶርት አድርጊያቸው፣ በተራ ደርድሪያቸው ማለቴ ነው። ይህ ነገር እስካሁን ሳስበው ይከነክነኛል፣ ስንቱ ሰው ቁጥሩን አምኖ እንዳለፈ ማን ያውቃል።

የራሴንም ልንገርሽ። ዊንዶውስ ላይ የጻፍኩትን ስክሪፕት ክላስተር ላይ ጫንኩትና ሳስነሳው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለኝ። ፋይሉ እኮ ዓይኔ ሥር ነው! ስሙን ደግሜ ጻፍኩ፣ ፈቃዱን ቀየርኩ፣ አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ ግማሽ ቀኔ እንዲሁ ሄደ። ለካ ዊንዶውስ እያንዳንዱን መስመር የሚዘጋው በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ነው፣ ሊኑክስ ግን በአንድ። ትርፉ ምልክት ከመጀመሪያው መስመር ጫፍ ላይ ተለጥፎ እንደ ፕሮግራሙ ስም ተነበበ። ኤዲተርሽ ላይ የመስመር መዝጊያውን ኤል ኤፍ (የሊኑክሱ ባለ አንድ ምልክት) አድርጊው፣ ነገ ዛሬ ሳትዪ።

የማክ ተጠቃሚ፦

ማክ ለአንቺ ሥራ ጥሩ ነው፣ ተርሚናሉ የሊኑክስ ዘመድ ነው፣ ወርድም ይሠራል። ግን ላፕቶፕ ካለሽ ለዚህ ብለሽ አትግዢ። ከ2020 መጨረሻ ወዲህ የመጡት የአፕል የራሱ ፕሮሰሰር ያላቸው ስለሆኑ ለኢንቴል ብቻ የተሠራ የቆየ ፕሮግራም ሲገጥምሽ ያስቸግራል፣ ሮዜታ የሚባለው የአፕል አስተርጓሚ አብዛኛውን ቢያስኬደውም። ወደ ዲፕ ለርኒንግ ከገባሽ ደግሞ ኩዳ የሚባለው ስሌት ማፋጠኛ እዚህ የለም፣ እሱ የኤንቪዲያ ጂፒዩ (ግራፊክስ ፕሮሰሰር) ይፈልጋል። እና የፋይል ስም ስትሰጪ ካፒታልና ስሞል አታደባልቂ። ማክም ዊንዶውስም እንደ አንድ ያዩታል፣ ሊኑክስ ግን ሁለት የተለያየ ፋይል ነው የሚለው።

ላብ ቴክኒሻን፦

አንድ ነገር ብቻ። ማይክሮስኮፕና ስፔክትሮሜትር ላይ የተገጠሙት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ ዊንዶውስ ናቸው፣ የመሣሪያው ሶፍትዌር ሌላ ላይ ስለማይሠራ። እነሱን ማንም «ላሻሽል» ብሎ እንዳይነካቸው! ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 2025 ስላበቃ ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርጎ መተውም አደጋ አለው። ዳታሽን ቶሎ ቶሎ ወደ ሰርቨር አውጪ።

ጀማሪ ተመራማሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዊንዶውሱን ሳልነካ ኡቡንቱን በደብሊው ኤስ ኤል ጫንኩት፣ ራሙንም ወደ 12 ከፍ አደረግኩት። አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ነገ ጽሑፌ ሲወጣ ሌላ ሰው በራሱ ማሽን ያንኑ ውጤት እንዲያገኝ ምን ላዘጋጅለት?

የክላስተር ሰው፦

የኮንዳ ኢንቫይሮመንትሽን (የጫንሻቸውን ፕሮግራሞች ስብስብ) ከነቨርሽኑ ወደ ፋይል አውጪና ከኮዱ ጋር አስቀምጪው። ከዚያ ሲለጥቅ ኮንቴይነር ትሠሪያለሽ፣ ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር አንድ ላይ የሚጠቀልል ማለት ነው። ክላስተር ላይ ዶከር የሚባለው የኮንቴይነር መሥሪያ ብዙ ጊዜ አይፈቀድም፣ የአድሚን ያህል ሥልጣን ስለሚሰጥ፤ በምትኩ አፕቴይነር ተጠቀሚ፣ ድሮ ሲንጉላሪቲ ይባል የነበረው ነው። ጽሑፍሽ ላይ የሶፍትዌሩን ብቻ ሳይሆን የኦፕሬቲንግ ሲስተሙንም ስምና ቨርሽን ጻፊ።

ጀማሪ ተመራማሪ፦

እሺ። ኬሚስቱ ያልከውን ካነበብኩ በኋላ የማስተርስ ስክሪፕቴን ከፍቼ አየሁት፣ እኔም ፋይሎቹን ሶርት ሳላደርግ ነበር የምጠራቸው። ሌሊቱን በሁለቱም ሲስተም አስኬድኩት። ቁጥሩ አንድ ነው የመጣው፣ ተመስገን። መስመሯን ግን ጨምሬያታለሁ።