የጎጃሙ ገጣሚ በእንግሊዝ መጽሐፍ ውስጥ፦ ከኒዮክላሲካል ወደ ሮማንቲክ

ጠያቂ (ደብረ ማርቆስ)
የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከኒዮክላሲካል (የጥንቶቹን የግሪክና የሮም ደራስያን ሕግ ከሚከተለው የ18ኛው ክፍለ ዘመን አጻጻፍ) ወደ ሮማንቲክ (ከዚያ ወዲህ ወደ መጣው፣ ለግል ስሜትና ምናብ ቦታ ወደሚሰጠው) የተደረገውን ለውጥ በሠንጠረዥ አስጻፉን፤ በግራ «አመክንዮ»፣ በቀኝ «ስሜት»። የኒዮክላሲካሉን ገጣሚ ፖፕን ሳነብ ግን ስሜት አላጣሁበትም። እባካችሁ፣ ለውጡን በምሳሌ የሚያሳየኝ አለ?

ምላሽ (ሰከላ)
ልጄ፣ ምሳሌው ከደጃችን አለልህ። እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁት እዚሁ ሰከላ ነው፤ የግሽ ዓባይን ጠበል በልጅነቴ በቅል ቀድቻለሁ። እንግሊዛዊው ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው፣ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል በሚተርከው «ራሴላስ» ውስጥ ኢምላክ የሚባል ገጣሚ አለ። የተወለድሁት በጎጃም፣ ከዓባይ ምንጭ ብዙም ሳይርቅ ነው ይላል። ይህን መጀመሪያ ያነበብሁ ዕለት መጽሐፉን አጥፌ ከደጅ ወጣሁ፤ መቀመጥ አልቻልሁም።

ታዲያ ያ ጎጃሜ የሚያስተምረው የኒዮክላሲካሉን ሕግ ነው። ገጣሚ የሚመረምረው ነጠላውን ሳይሆን ዓይነቱን ነው፤ የቱሊፕ አበባን መስመሮች አይቆጥርም። በመስከረም የሚፈነዳውን አደይ አበባ አስብ። ጆንሰን የሚሻው የትኛውም አገር ያለ አንባቢ «አዎ፣ አበባ እንዲህ ነው» የሚልበትን ግጥም ነው። ይህ ስሜት ማጣት አይደለም፤ ለሁሉ የሚሆን እውነት ፍለጋ ነው።

ሮማንቲኩ ገጣሚ ዊልያም ብሌክ ግን የጆንሰን ወዳጅ የነበረውን የሠዓሊውን የሬይኖልድስን መጽሐፍ ሲያነብ፣ ማጠቃለል ጅልነት ነው ብሎ በኅዳጉ ጻፈበት። በ1798 ደግሞ ሌላው ሮማንቲክ ዎርድስዎርዝ ስለ ሳይመን ሊ ገጠመ፤ ቁርጭምጭሚቱ ያበጠ፣ እግሩ የደረቀ፣ የጉቶ ሥር መቁረጥ ያቃተው ሽማግሌ። «የሰው ልጅ» ሳይሆን ያ አንድ ሰው፣ ከነእብጠቱ። ሠንጠረዥህ የሳተው ይህን ነው።

ምላሽ (ቢቸና)
ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነው፤ ቅርጹንም ልጨምርበት። ቅኔ ቤት ስለ ቆየሁ የፖፕ ጥንድ ስንኝ ባለ ሁለት ቤቱን ቅኔ ጉባኤ ቃናን ያስታውሰኛል፤ ሐሳቡ በአንደኛው ቤት ተከፍቶ በሁለተኛው ይዘጋል። የዎርድስዎርዝ «ቲንተርን አቢ» ግን ቤት አይመታም፤ ሐሳቡ ከስንኝ ስንኝ ይፈስሳል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ገጣሚ ሚልተን ቀድሞ እንዲህ ጽፏልና አዲስ ፈጠራ አልነበረም። የከበደኝ ዎርድስዎርዝ በ1800 «ሊሪካል ባላድስ» ለተባለው የግጥም መድበል የጻፈው መቅድም ነው፤ የግጥም ቋንቋ ከተራው ሰው አፍ ይወሰድ ይላል። የቅኔ ሰው ይህን በቀላሉ አይቀበልም፤ እኔም እስከ ዛሬ ልቤ ለሁለት ተከፍሏል።

ጠያቂ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ከሮማንቲኮቹስ አገራችንን ያነሣ አለ?

ምላሽ (ሰከላ)
አለ እንጂ! ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ደርሶ በ1790 የጉዞ መጽሐፉን አሳተመ፤ ሮማንቲኩ ገጣሚ ኮልሪጅ አንብቦታል። በ1816 በታተመው ግጥሙ «ኩብላ ካን» አንዲት ሐበሻ ልጃገረድ ባለ አውታር መሣሪያ ይዛ ትዘፍናለች። ገጣሚው ዜማዋን በውስጡ ቢመልሰው በግጥሙ መጀመሪያ ያነሣውን የኩብላን አዳራሽ በአየር ላይ እንደሚሠራ ይናገራል። የጆንሰን ሐበሻ ያስተምራል፤ የኮልሪጇ ትዘፍናለች፣ ሰሚዋም ዓይኑ ይብለጨለጫል። የ«ራሴላስ»ን ምዕራፍ 10ና የ«ኩብላ ካን»ን የመጨረሻ 18 ስንኞች በአንድ ምሽት፣ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብባቸው።