እማዬን ባሕር ላሳያት፦ አትላንቲክ ሲቲ የት እንደር? በምን እንሂድ?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)
እናቴ ከደሴ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ባሕር አይታ አታውቅም። ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ኒው ጀርሲ ያለችው አትላንቲክ ሲቲ ወስጃት አንድ ሌሊት ልናድር አስበናል። ጉልበቷን ያማታል፣ ፍልሰታንም ትጾማለች። ወንድሜ ደግሞ ካዚኖውን ካላየሁ ብሏል። የሄዳችሁ ካላችሁ ሆቴል የትኛው ይሻላል? በመኪና ነው በባቡር?

መልስ፣ ከባልቲሞር
እህቴ፣ እንኳን ደህና መጡ በይልኝ። እኔም የራሴን እናት ወስጃት ስለማውቅ የምነግርሽ ከዚያ ተነሥቼ ነው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ሆቴሉ ላይ ነው። ከተማዋ ዘጠኝ ካዚኖ ሆቴሎች አሏት። ስድስቱ ቦርድዎክ በሚባለው የእንጨት መንገድ ላይ ናቸው፤ ቦርጋታ፣ ሃራስና ጎልደን ነጌት ግን ማሪና በሚባለው ሰፈር ነው ያሉት። ማሪና ውሃ አለው፣ ግን ጀልባ የሚቆምበት የተከለለ ውሃ ነው፤ አሸዋ የለም፣ ማዕበል የለም። ቦርጋታ ቤቱ ያማረ ነው፣ ይህን አልክድም። እናትሽ ጠዋት መጋረጃ ስትገልጥ የምታየው ግን መኪና ማቆሚያና ጀልባ ነው። እሷ የመጣችው ባሕር ልታይ ስለሆነ ቦርድዎክ ላይ ያዙ።

ከቦርድዎኩ ውስጥ፣ አቅሙ ካለ ኦሽን የሚባለው ሆቴል ይሻላል። ከሁሉም ረጅሙ ሕንፃ እሱ ነው፤ ከፍ ያለ ፎቅ ላይ ባሕር የሚያይ ክፍል ብላችሁ ጠይቁ። ትሮፒካና ጫፍ ላይ ስለሆነ ረጋ ይላል፣ ውስጡም ሱቅ ሞልቶታል። ሲጋራ ካስቸገራት ግን (ካዚኖዎቹ ውስጥ በተፈቀደ ቦታ አሁንም ይጨሳል፣ ሽታው ኮሪደር ድረስ ይመጣል) ሾውቦትን ተመልከቱ። ድሮ ካዚኖ ነበር፣ በ2014 ተዘጋ፣ ከዚያ ያለ ቁማር ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። በ2023 የቤት ውስጥ የውሃ መጫወቻ ስለከፈቱበት ልጆች ይበዛሉ፣ ጫጫታ አለው።

ዋጋ ላይ ተጠንቀቁ። እኔ መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ በአንድ ሆቴል ያየሁት ዋጋና የከፈልኩት ተራርቀው ደነገጥኩ፤ ሪዞርት ፊ (ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ ላይ የሚጨምረው ክፍያ)፣ ታክስ፣ ፓርኪንግ ተጨምሮበት ነው። መጨረሻ ላይ ያለውን ድምር ሳታዩ ክፍል አትያዙ። ከተቻለ ደግሞ ቅዳሜን ትታችሁ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ሂዱ፤ ያው ክፍል በጣም ይረክሳል።

በመኪና ከሄዳችሁ ደላዌር ሜሞሪያል ድልድይን ስትሻገሩ ሁለት ምርጫ አላችሁ። ፈጣኑ የአትላንቲክ ሲቲ ኤክስፕረስዌይ ነው፣ ያስከፍላል። ሌላው «ሩት 40» የሚባለው መንገድ 40 ነው፤ አያስከፍልም፣ ቀስ ይላል፣ በእርሻ መሃል አልፎ ከተማዋ ውስጥ ይገባል። እኔ በ40 ነው የምለው። ነሐሴ ላይ መንገድ ዳር እሸት በቆሎና ቲማቲም ይሸጣል። እናቴ በቆሎውን ስታይ መኪና አስቁማ ወርዳ ልጡን ገልጣ እያየች መርጣ ገዛች፤ ከጉዞው ሁሉ እስከ ዛሬ የምታወራው እሱን ነው።

ባሕሩ ዳር መግቢያ አይከፈልም። ጎረቤቶቹ ቬንትኖርና ማርጌት በሰመር መግቢያ ምልክት ያስገዛሉ፤ አትላንቲክ ሲቲ ግን ነፃ ነው። ለጉልበቷ አሸዋው ይከብዳል፤ ነፍስ አድን ሠራተኞቹን ሰፊ ጎማ ያለው ወንበር እንዳላቸው ጠይቁ። ቦርድዎኩ ራሱ ደልዳላ እንጨት ነው፣ ከ1870 ጀምሮ ያለ፤ ሲደክማት በሰው የሚገፋ ባለ ጥላ ወንበር አለ። ሳትቀመጡ ዋጋውን ተስማሙ።

አንድ ነገር አደራ። አብዛኞቻችን ዋና ሳንማር ያደግን ነን። የባሕሩ ውሃ ከጉልበት በታች ሆኖ እንኳ ሲመለስ እግርን ይጎትታል። ነፍስ አድን ባለበት ሰዓትና ቦታ ብቻ ግቡ፣ እጇን ይዛችሁ። ማታ ከጨለመ በኋላ ማንም እንዳይገባ፣ ወንድምሽም ቢሆን።

ስለ ወንድምሽ፦ 21 ዓመት ከሞላው ይገባል። ሩሌት (ኳስ የሚሽከረከርበት የቁማር ጎማ) ላይ 38 ቁጥር አለ፣ አንዱን መትተህ ስታሸንፍ ግን የሚከፍሉህ 35 እጥፍ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር በአማካይ 5 ዶላር ከ26 ሳንቲም ለቤቱ ይቀራል። ስሎት ማሽን (ገንዘብ እየከተቱ የሚጫወቱበት የቁማር ማሽን) ከዚህም ይብሳል፤ የኒው ጀርሲ ደንብ የሚያስገድደው ቢያንስ 83 በመቶ እንዲመልስ ነው፣ ሌላው የእነሱ ነው። 40 ዶላር በእጁ ይያዝ፣ የባንክ ካርዱን አንቺ ጋ ይተው። የወር ደመወዙን በአንድ ሌሊት ጨርሶ ለቤት ኪራይ የተበደረ ዘመድ ስላለኝ ነው እንዲህ የምለው። የለመደበት ሰው ካለ ደግሞ፣ ራሱ ጠይቆ ካዚኖ እንዳያስገቡት ስሙን የሚያስመዘግብበት አሠራር ግዛቱ አለው።

መልስ፣ ከፊላደልፊያ
በመኪናው ላይ አልስማማም። እኛ ሁልጊዜ የምንሄደው በኒው ጀርሲ ትራንዚት ባቡር ነው፤ ከፊላደልፊያው 30ኛው ጎዳና ጣቢያ ተነሥቶ ሳትቀይሩ ያደርሳል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ። ፓርኪንግ የለ፣ ከቁማር በኋላ ደክሞት የሚነዳ የለ። ከተማ ውስጥ ጂትኒ የሚሏቸው ትንንሽ አውቶቡሶች አሉ፣ ከ1915 ጀምሮ የሚሠሩ፣ ልክ እንደ እኛ ታክሲ። ከሜሪላንድ ለሚመጣ ሦስት ሰው ግን መኪናው ሳይረክስ አይቀርም፣ እሱ እውነት ነው።

ለጾም ምግብ እዚያ አትመኑ። የሚሸጠው ሁሉ ቅቤ ወይም አይብ አያጣም፤ ታፊ የሚሉትን ከረሜላ እንኳ ማሸጊያውን አንብቡ፣ እንቁላል ወይም ወተት የገባበት አለ። ኩለር ውስጥ እንጀራና የጾም ወጥ፣ ከጎኑ በሶና ዳቦ ቆሎ ያዙ። ካልሆነም በፊላደልፊያ በኩል ከመጣችሁ ምዕራብ ፊላደልፊያ ገብታችሁ ከሐበሻ ምግብ ቤት በያይነቱ አስጠቅልሉ፣ በ60 ማይል ርቀት አይበላሽም።

ጊዜ ከተረፋችሁ ማርጌት ሂዱና ሉሲን አሳዪአት። ድንቅነሽ አይደለችም፤ በ1881 የተሠራች፣ ባለ ስድስት ፎቅ ቁመት ዝሆን ናት፣ ከእንጨትና ከቆርቆሮ። ደረጃው ጉልበቷን ስለሚጎዳ ከውጭ ማየቱ ይበቃታል።

ጠያቂዋ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ
እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። ረቡዕ በመንገድ 40 እንሄዳለን፤ ኦሽን ከፍ ካለ ፎቅ ባሕር የሚያይ ክፍል ይዣለሁ። በቆሎውን ስነግራት «ጨው ይዘን እንሂድ» ብላለች።