ባለቤቴን በየሌሊቱ የሚያስነሳው የአንድ ወገን ራስ ምታት፦ ክላስተር ሄዴክ ያለበት ሰው እዚህ አለ?

የአያት_ነዋሪ

ሰላም ለሁላችሁ። የምጽፈው ለባለቤቴ ብዬ ነው፣ እሱ እንዲህ ያለ ነገር ላይ አይጽፍም። ዕድሜው 38 ነው። ሕመሙ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይመጣና ሁለት ወር ገደማ ይቆያል። ከዚያ ጥርግ ብሎ ይጠፋል፣ የቀረውን ዓመት ደህና ሰው ነው። በዚያ ሁለት ወር ግን ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ ሲሆን ይነሳል፣ ሰዓቱን አይስትም። ግራ ዓይኑ ደም ይለብሳል፣ እንባው ይወርዳል፣ የዓይኑ ቆብ ይወድቃል፣ አፍንጫው በዚያው በኩል ብቻ ይዘጋል። መተኛት አይችልም፣ መቀመጥም አይችልም። ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ጭንቅላቱን በቡጢ ይመታል፣ አንዳንዴም ከግድግዳ ጋር ያጋጨዋል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ይለቀዋል። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ሥራ ይሄዳል፣ ማንም አያውቅበትም።

መጀመሪያ ሳይነስ ነው ተባለ፣ አንቲባዮቲክ ተደጋገመ። ቀጥሎ ጥርስ ነው ተብሎ ደህና መንጋጋው ተነቀለ። ከዚያ ማይግሬን። ዘንድሮ ነው አንዲት የነርቭ ሐኪም አወራርታው ሳይጨርስ ክላስተር ሄዴክ ነው ያለችው። ኤምአርአይ ተነስቷል፣ ንፁህ ነው። ቬራፓሚል ጀምራለታለች፣ ኦክስጅንም አዛለታለች። ኦክስጅኑን ያመጣልን ሰውዬ ግን አፍንጫ ላይ የምትሰካዋን ቀጭን ቱቦ ሰጥቶን ሄደ፣ ሞከርነው፣ ምንም ለውጥ የለውም።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ይሄ ነገር ያለበት ሌላ ሰው አይቶ አያውቅም። ዘመድ ሁሉ “ራስ ምታት እኮ እኛንም ያመናል” ነው የሚለው። በቀደም ካለፈለት በኋላ “ባልነቃ ይሻለኝ ነበር” አለኝ፣ በጣም ደነገጥኩ። ያለበት ሰው ካለ እባካችሁ አናግሩን።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እህቴ፣ እኔ አለብኝ። የኔ በቀኝ ዓይን ነው። የጻፍሽውን ለሚስቴ አነበብኩላት፣ ስለኔ የተጻፈ መሰላት። ለባለቤትሽ መጀመሪያ ይሄን ንገሪልኝ፦ አላበድክም፣ አታጋንንም፣ ብቻህንም አይደለህም። ከሺህ ሰው አንድ ገደማ ይይዛል ይባላል። ያን ያህል ብርቅ አይደለም፣ ሰው ስለማያወራው ነው። በኛም አገር አዲስ ነገር አይደለም፣ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት የገጠር ጥናት ላይ ከማይግሬን ጎን ስሙ ተጠቅሷል።

አሁን ወደ ኦክስጅኑ። ቀጭኗ ቱቦ አትሠራም፣ እሷ በደቂቃ ሁለት ሦስት ሊትር ለሚበቃው ሰው ናት። ለዚህ ሕመም የሚያስፈልገው ከረጢት ያለው፣ አፍና አፍንጫን ግጥም አድርጎ የሚሸፍነው ማስክ ነው። ፍሰቱ በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ሊትር መሆን አለበት። ከመክፈታችሁ በፊት ሲሊንደሩ አፍ ላይ ያለውን የፍሰት መቆጣጠሪያ፣ ሬጉሌተሩን እዩት፣ ብዙዎቹ እዚያ ድረስ አይደርሱም፣ ቁጥሩ ላይ 15 ከሌለ ሌላ ለውጡ። ከአየር ላይ ኦክስጅን የሚያጣራው የኤሌክትሪክ ማሽንም ለዚህ አቅም የለውም፣ ሲሊንደር ነው የሚሻለው። ቀጥ ብሎ ይቀመጥ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ያዘንብል፣ እስከ 15 ወይም 20 ደቂቃ ድረስ በረጅሙ ይተንፍስ። ዋናው ቁምነገር ቶሎ መጀመር ነው። ሲሊንደሩ ሌላ ክፍል ሆኖ ቁልፍ ሲፈለግ ሕመሙ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ በኋላ ማስመለስ ከባድ ነው። አልጋው አጠገብ አድርጉት፣ ማስኩም ተገጥሞ ይደር።

ይሄ የኔ ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አለ። ሕመሙ ሲነሳባቸው ለአንዱ ሰው አንዴ ንፁህ ኦክስጅን በደቂቃ 12 ሊትር፣ አንዴ ተራ አየር እየተፈራረቀ ተሰጠ፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ታማሚውም አያውቅም። በኦክስጅን ከታከሙት ሕመሞች 78 በመቶው በ15 ደቂቃ ውስጥ ጠፍተዋል ወይም በደንብ ቀልለዋል፣ በተራው አየር ግን 20 በመቶው ብቻ። እንዲህም ሆኖ እዚህ አሜሪካ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የጤና መድን ለዚህ ሕመም የቤት ኦክስጅን አልከፍልም የሚለውን መመሪያ ያነሳው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። የግል ኢንሹራንሱ ጋ አሁንም ጭቅጭቅ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ አስቸገረን ብላችሁ አትገረሙ።

አደራ አንድ ነገር። ኦክስጅኑ ባለበት ክፍል ከሰል፣ እጣን፣ ሻማ፣ ሲጋራ እንዳይኖር። ቡና ማፍላት ካለ ሌላ ክፍል ይፈላ።

እናት_ዓለም

ልጄ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ይሄ የሌሊት ነገር ደስ አይለኝም። የኔ እህት ልጅም እንዲህ ያደርገው ነበር፣ ዳማከሴ ጨምቀን አፍንጫው ላይ አደረግንለት፣ ፀበልም ወሰድነው፣ ከሁለት ወር በኋላ ለቀቀው። ፀበሉን አትርሺ።

የድንገተኛ_ክፍል_ነርስ

እናቴ፣ ፀበሉን ማንም አይከለክልም፣ የሚያጽናናው ከሆነ ይሂድ። ብቻ መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ። የእህትዎ ልጅ በሁለት ወሩ መለቀቁ ራሱ የዚህ ሕመም ጠባይ ሊሆን ይችላል፣ ብዙዎቹን ከሳምንታት እስከ ሦስት ወር ይዞ በራሱ ይተዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ይመለሳል። ተመልሶበት ከሆነ ሐኪም ይየው።

ለጠያቂዋ፦ ሐኪሟ ጥሩ ይዛዋለች። ኤምአርአዩም ተገቢ ነው፣ አልፎ አልፎ ፒቱታሪ የምትባለው የአንጎል ሥር ዕጢ አካባቢ ያለ ነገር ይህንኑ ሕመም መስሎ ይመጣልና። ቬራፓሚል ሕመሙ ሲነሳ የሚዋጥ ማስታገሻ አይደለም፣ እንዳይነሳ የሚከላከል ነው። በየቀኑ ይወሰዳል፣ እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል፣ መጠኑም ቀስ በቀስ ነው የሚጨመረው። የልብ ምትን ሊያዘገይ ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና መጠኑ በተጨመረ ቁጥር የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ ይነሳ። ቀድሞ ለማይግሬን ፕሮፕራኖሎል ተሰጥቶት ከሆነና አሁንም ቤት ውስጥ ካለ ለሐኪሟ ንገሯት፣ ሁለቱን አንድ ላይ መውሰድ ለልብ አደገኛ ነው። ሆድ ድርቀትም ያመጣል፣ እሱ የተለመደ ነው።

ቬራፓሚሉ እስኪይዝ ድረስ አንዳንድ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ለአጭር ጊዜ ይሰጣሉ። ለአጭር ጊዜ! ከፋርማሲ በራስ ፈቃድ እየገዙ ወሩን ሙሉ የሚውጡ ሰዎች አይቻለሁ፣ ስኳርና ደም ግፊት ይዘው ይመጣሉ። ትራማዶልም አይሆንም፣ ለዚህ አይጠቅምም፣ ሱስ ያስይዛል። ፓራሲታሞልና ዲክሎፌናክ ሆድ ውስጥ ገብተው መሥራት ሳይጀምሩ ሕመሙ ራሱ ያልፋል፣ ሰውዬው ግን ኪኒኑ አዳነኝ ብሎ ይጨምራል።

ሌላው፣ ማስታወሻ ይያዝ። በስንት ሰዓት ተነሳ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ዓይኑ ምን ሆነ። በስልክ ፎቶ አንሺው፣ ቪዲዮም ቢሆን። ሐኪም ጋ ሲደርስ ደህና ሰው ሆኖ ነው የሚቀርበው፣ ማን ያምነዋል? ደግሞ ልዩነቱ የሚወጣው ከዚያ ማስታወሻ ነው። ማይግሬን ያለበት ሰው ጨለማ ክፍል ገብቶ መንቀሳቀስ አይፈልግም፣ ክላስተር ያለበት አንድ ቦታ መቀመጥ ያቅተዋል። የፊት ነርቭ ሕመም ከሆነ ለሴኮንዶች ኤሌክትሪክ እንደያዘው አድርጎ ይለቃል፣ ማኘክና ፊት መንካት ይቀሰቅሰዋል። ክላስተር ከ15 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። ከዚያ አጠር ብሎ በቀን ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ከሆነ ደግሞ ኢንዶሜታሲን በሚባል መድኃኒት ቀጥ የሚል ሌላ ዘመዱ አለ፣ እሱን ሐኪሟ ትለየዋለች።

“ባልነቃ” ያለውን ነገር እንደ ዋዛ አትለፊው። ደህና በሆነበት ሰዓት ቀጥ ብለሽ ጠይቂው፣ ራስህን ልታጠፋ አስበሃል ወይ በይው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለሽ ለብቻው አይደር፣ ለሐኪሟ ንገሪያት፣ ወደ ድንገተኛ ክፍልም ይዘሽው ሂጂ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ 988 ላይ ደውሉ።

ዱባይ_ያለሁት

ይሄ ነገር ሴትም ይይዛል እንዴ? እኔ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። ከተኛሁ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀኝ ዓይኔን ከውስጥ በጋለ ብረት የሚወጉኝ ያህል ያስነሳኛል። እንባ በዚያ በኩል ብቻ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ እዞራለሁ፣ ማዳሜ ሰምታ ስልክ ታወሪያለሽ ትለኛለች። ፓናዶል ትሰጠኛለች። ማይግሬን ነው ብዬ ትቼው ነበር።

የድንገተኛ_ክፍል_ነርስ

@ዱባይ_ያለሁት ይይዛል የኔ እህት። በወንድ ይበዛል እንጂ በሴትም አለ፣ እንዲያውም ሴት ስትሆን ማይግሬን ነው እየተባለ ይበልጥ ይዘገያል። ከርቀት ይሄ ነው ማለት አልችልም፣ መታየት አለብሽ። ዱባይ ውስጥ የጤና ኢንሹራንስሽን የመግዛት ግዴታ የአሠሪሽ ነው፣ የቤት ሠራተኛም ቢሆን። ካርድሽን ጠይቂያት። መጀመሪያ ጠቅላላ ሐኪም ያይሻል፣ እሱ ወደ ነርቭ ይልክሻል። ሲነሳብሽ ዓይንሽን በስልክሽ አንሺው፣ ለማዳምሽም ለሐኪሙም አሳያቸው። እንግሊዝኛውም ዐረብኛውም ቢያስቸግርሽ ፎቶው ይናገርልሻል።

ከለንደን

እኔም እንዳንቺ ሚስት ነኝ፣ ሌሎቹ ስለ ታማሚው ጻፉ፣ እኔ ስለኛ ልጻፍ።

ሲነሳበት አታውሪው። “ምን ላምጣልህ” አትበይ፣ አትያዥው፣ አትዳብሽው። ባሌ በዚያ ሰዓት ሲነኩት ይቆጣል፣ እኔ ደግሞ አኮርፍ ነበር። ጤነኛ በሆነበት ቀን ተቀምጠን ተነጋገርን፦ ማስኩን አቀብላለሁ፣ ቧንቧውን እከፍታለሁ፣ ሰዓት እይዛለሁ፣ ከዚያ እወጣለሁ። በሩን አይቆልፍም፣ ይሄ የኔ ቅድመ ሁኔታ ነው። ልጆቹ ትንሽ ከፍ ሲሉ ነገርናቸው፣ አባባ ሌሊት የሚጮኸው ስለሚያመው ነው፣ በናንተ ተቆጥቶ አይደለም አልናቸው። ጎረቤትም ይነገረው፣ በተለይ ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ፣ አለዚያ ባልና ሚስት ይደባደባሉ ነው የሚባለው።

በሕመሙ ወቅት መጠጥ አይቅመስ። ቢራም፣ ጠጅም፣ አረቄም፣ አንድ ብርጭቆም ቢሆን። ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀሰቅሰዋል። ወቅቱ ካለፈ በኋላ ችግር የለውም፣ ሰርግ ላይ ይጠጣል። የቀን እንቅልፍም የኔውን ይቀሰቅስበታል፣ የሌላውን ላይሆን ይችላል። ቤንዚን፣ ቀለም፣ ጠንካራ ሽቶም እንዲሁ።

ሰው ማግኘቱን በተመለከተ፣ እዚህ እንግሊዝ ኦውች የሚባል የታማሚዎች ማኅበር አለ፣ አሜሪካ ደግሞ ክላስተርባስተርስ አለ፣ ራሳቸው ታማሚዎቹ ያቋቋሙት ነው። እንግሊዝኛ ካነበበ ከቤቱ ሆኖ ብዙ ያገኛል። ባሌ መጀመሪያ ስብሰባ ሲሄድ አንዱ ሰውዬ ገና ሰላም ሳይለው “የትኛው ዓይንህ ነው?” አለው። ቤት ሲመጣ ይሄንን እየደጋገመ ሲስቅ ነበር። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ እነዚህ ቦታዎች ላይ ቅዠት ስለሚያመጣው እንጉዳይና ስለ ሌላ ሌላም ይወራል፣ ጥናቱ ገና ትንሽ ነው፣ በሕግም ያስጠይቃል። እኛ አልነካነውም።

የአያት_ነዋሪ

አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና ስልኩን ተቀብሎኝ ራሱ ደግሞ አነበበው። “የትኛው ዓይንህ ነው” የምትለዋ ላይ ሳቀ። ጠይቂው ያልሽኝንም ጠየቅሁት ነርስዬ፣ ሐሳቡ ሲያመው እንደሚመጣበት፣ ሲያልፍ ግን እንደሚተወው ነገረኝ። ለሐኪሟ ደውዬ ነግሬያታለሁ፣ ነገ ቅረቡ ብላናለች። እስከዚያ እህቱ እኛ ጋ ታድራለች።

ማስኩን ከረጢት ያለውን አግኝተናል። ሬጉሌተሩ እስከ 10 ብቻ ነው የሚለው፣ የሚለውጥልን እየፈለግን ነው። ሕመሙ ሲነሳ የሚወሰደው ሱማትሪፕታንም ታዞለት ነበር፣ ያገኘነው ኪኒኑን ነው፣ መርፌውን አጣነው። ደግሞ ሲሊንደሩ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚነግረን ሰው የለም። ሌሊት መሀል ላይ ቢያልቅስ?

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ኪኒኑ ቀርፋፋ ነው፣ መርፌው ነው በደቂቃዎች የሚደርስለት፣ ካጣችሁት በአፍንጫ የሚረጨው ይሻላል፣ ሐኪሟን ጠይቋት። የልብ ችግር ካለበት ግን ሱማትሪፕታን አይሆንም፣ ይሄንንም ሳይነግራት እንዳይወስድ።

ሲሊንደሩ ቀላል ሒሳብ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈውን የሊትር መጠን በግፊት መለኪያው በጌጁ ላይ ባለው ባር አባዙት። 10 ሊትር የሚይዘው ሲሊንደር 150 ባር ላይ 1,500 ሊትር ኦክስጅን አለው ማለት ነው። በደቂቃ 15 ሊትር ከወሰደ 100 ደቂቃ፣ በየሌሊቱ 20 ደቂቃ ቢጠቀም አምስት ሌሊት። ትልቁ የ40 ሊትሩ አራት እጥፍ ይሄዳል። በሌሊት ሁለቴ የሚነሳበት ከሆነ ግማሹን አስቡ። ጌጁ 50 ላይ ሲደርስ መሙላት ነው፣ ዜሮ እስኪል አትጠብቁ። አቅም ካላችሁ ሁለት ይኑራችሁ፣ አንዱ ሲሞላ አንዱ ቤት ይቀመጥ፣ ሲሊንደሩም እንዳይወድቅ ከግድግዳ ጋር እሰሩት።

ባለቤትሽ ማውራት ከፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። እናንተ ጋ 8 ሰዓት ሌሊት ሲሆን እኛ ጋ ገና ምሽት ነው፣ ነቅቼ ነው የምገኘው። @ዱባይ_ያለሁት አንቺም።