ስልክ የሚጠብቅ ፓይለት ሥራ ላይ ነው ወይስ ቤቱ ነው?

የማራኪ ልጅ፦ ሰላም የጎንደር ልጆች። ትናንት ፒያሳ ቡና ላይ ተነስቶ ያልተቋጨ ክርክር ነው፣ እዚህ እንጨርሰው። ወንድሜ አሜሪካ ፓይለት ነው። ሪዘርቭ ላይ ነው ያለው። ቋሚ በረራ የለውም ማለት ነው። ሌላው ሲታመም፣ አየሩ ሲበላሽ፣ ስኬጁሉ ሲዛባ እሱ ተጠርቶ ይገባል። በወር 18 ቀን፣ በቀን 12 ሰዓት ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። ከተደወለ በ2 ሰዓት ውስጥ ኤርፖርት መገኘት አለበት። ተጠራም አልተጠራ የ75 ሰዓት የበረራ ክፍያ በወር ይታሰብለታል። ትናንት አንዱ «ተኝቶ ነው የሚከፈለው» አለ። እኔ ደሞ 216 ሰዓት ታስሮ ውሎ የ75 ነው የሚከፈለው እላለሁ። እና ጥበቃው ሥራ ነው ወይስ አይደለም?

ባለ አይሱዙ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። እኔ ጭነት ስጠብቅ ሁለት ሦስት ቀን መኪናው ሥር ሸራ አንጥፌ አድራለሁ። መተማ መንገድ ላይ ወረፋ ይዤ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ የከፈለኝ የለም። የሚከፈለኝ ስነዳ ነው። ወንድምህ ቤቱ ተቀምጦ፣ ቴሌቪዥን እያየ፣ ልጁን እያጫወተ የ75 ሰዓት ያገኛል። በእኛ አገር ስንቱ ይሄን ቢያገኝ እግዜር ይስጥልኝ ይላል።

የማራኪ ልጅ፦ ወንድም ዓለም፣ ያንተ ወረፋ አለመከፈሉ በደል ነው። ያንተ በደል ግን የእሱን ትክክል አያደርገውም። ደሞ ቤቱ አይደለም ያለው። የሚበርበት ከተማ ቤት መከራየት አልቻለም፣ ቤተሰቡ ሌላ ስቴት ነው። እንደሱ ያሉ ፓይለቶች ተሰብስበው በተከራዩት ክፍል ውስጥ ነው የሚጠብቀው፣ ስድስት አልጋ ያለበት። አንዱ ሌሊት ገብቶ ሲተኛ ሌላው ተነስቶ ሻወር ይገባል። ዩኒፎርሙ ተተኩሶ በር ላይ ተሰቅሏል፣ ጫማው ሥሩ ነው። ያንን ነው ቤቱ ተቀምጦ የምትለው።

ጡረተኛው፦ ልጆች፣ እኔ 30 ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁና በሒሳብ ልናገር። ሪዘርቭ ለድርጅቱ እንደ መድን ነው። ምንም ካልተፈጠረ ገንዘቡ ወጥቶ ቀረ። ግን ያለሱ አንድ ካፒቴን ጉንፋን ሲይዘው ሙሉ አውሮፕላን ሰው አዳራሽ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ዝቅተኛው ክፍያ ተገቢ ነው። ግን እያንዳንዷ የጥበቃ ሰዓት እንደ በረራ ሰዓት ትከፈል ከተባለ ያ ገንዘብ ትኬት ላይ ይመጣል። ልጄ እንዳለው 216 ቢሆን፣ ክፍያው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ማን ነው የሚችለው?

የማራኪ ልጅ፦ ጋሼ፣ ሁሉም እኩል ይከፈል አላልኩም። አይቆጠርም ሲባል ነው የማልቀበለው።

የአዘዞ ልጅ፦ እኔ ራሴ አውሮፓ ውስጥ በረዳት አብራሪነት እሠራለሁ፣ እረፍት ላይ ስለሆንኩ ልግባበት። ሁለት ነገር ተቀላቅሎባችኋል። አንዱ የደኅንነት ሕግ ነው። ስንት ሰዓት መጠበቅ፣ ስንት ሰዓት መብረር እንደሚቻል የሚወስን። ሌላው ክፍያ ነው። የደኅንነት ሕጉ ስለ ገንዘብ አንድ ቃል አይናገርም። አሜሪካም አውሮፓም ክፍያው ማኅበሩ ከድርጅቱ ጋር የሚዋዋለው ነው። ከ70 እስከ 75 ሰዓት የሚባለው የወር ዋስትና አሜሪካ ውስጥ በብዙዎቹ ውል ላይ አለ። 40 ብትበር የ75 ይከፈልሃል፣ 82 ብትበር የ82።

ደግሞ ባለ አይሱዙ ይሄን እወቅ። ፓይለት በጥቅሉ የሚከፈለው አውሮፕላኑ ከቆመበት ተንቀሳቅሶ እንደገና እስኪቆም ድረስ ባለው ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት አየሩን ማየት፣ ነዳጁን መወሰን፣ አውሮፕላኑን ዞሮ መፈተሽ፣ ይሄ ሁሉ በብዙ ቦታ ለብቻው አይታሰብም። ስለዚህ 75 ስትሰማ በሳምንት 18 ሰዓት የሚሠራ ሰው አድርገህ አታስበው።

ባለ አይሱዙ፦ እሱ እንኳ እኛም ጋ አለ። ማሰር፣ ሸራ መጣል፣ ጎማ ማየት የሚቆጥርልን የለም። ይሄን እረዳለሁ። ጥበቃው ግን እረፍት ነው። ካልተደወለ ተኛ!

ሲስተር፦ እህህ... ካልተደወለ ተኛ! እኔ ነርስ ነኝ። ከባለቤቴ ጋር እንኳ ስንት ጊዜ ተጣልቼበታለሁ በዚህች ቃል። ኦን ኮል የሆንኩ ቀን ስልኩ ትራስ ሥር ነው። አልተደወለም። ግን ጠዋት ስነሳ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል። ምክንያቱም በየሰዓቱ ነቅቼ ስልኩ ቻርጅ አለው ወይ፣ ድምፁ ተዘግቶ ይሆን ወይ እያልኩ አያለሁ። ያልተደወለበት ሌሊትና ነፃ የሆንኩበት ሌሊት አንድ አይደሉም። ሰውነቴ ያውቀዋል። ያልሞከረው ሰው ነው እረፍት የሚለው።

የማራኪ ልጅ፦ ሲስተር ተባረኪ። ባለፈው ወንድሜ ለጥምቀት መጥቶ እናታችን ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እየተቀዳ ሳለ የጎረቤታችን ልጅ ስልክ ጮኸ። ድምፁ ከእሱ ስልክ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ስኒውን አስቀመጠ አልልም፣ ጣለው። ተነስቶ በአንድ እጁ ሱሪው ኪስ ውስጥ ስልኩን ይፈልጋል፣ በሌላው ጫማውን። ፈቃድ ላይ ነው እኮ! ጎንደር ነው ያለው! እናቴ ቡናው ቄጠማው ላይ ፈስሶ እያየች «ልጄን ምን አደረጉት?» አለች። እሱ አፍሮ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው እኔ ይሄን ነገር የማልተወው።

ሕግ 4ኛ ዓመት፦ በእኛ ሕግ መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 61ን ተመልከቱ። መደበኛ የሥራ ሰዓት የሚለው ሠራተኛው በትክክል የሚሠራበትን ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ መሠረት ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበትንም ጊዜ ይጨምራል። «ዝግጁ» የሚለው ነው ቁልፉ። ባለ አይሱዙ ተቀጥረህ የምትነዳ ከሆነ ወረፋው ላይ ያደርክበትም በዚህ ዓይን መታየት ነበረበት። (ሲስተር፣ የመንግሥት ሆስፒታል ከሆነ አንቺ በሲቪል ሰርቫንት ሕግ ስለምትገዢ ይሄ አዋጅ በቀጥታ አይነካሽም።)

ከውጭ ደግሞ አንድ ልጨምር። ቤልጅየም ውስጥ ኒቬል በምትባል ከተማ አንድ እሳት አደጋ ተከላካይ ነበር። ቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፣ ሲጠራ በ8 ደቂቃ ውስጥ መድረስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2018 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ይሄ የሥራ ሰዓት ነው ብሎ ወሰነ። ምክንያቱም በ8 ደቂቃ ርቀት የታሰረ ሰው ጊዜውን ለራሱ ሊያውለው አይችልም።

ጡረተኛው፦ ጥሩ አመጣኸው። ግን ያው ፍርድ ቤት ምን ያህል ይከፈል ብሎ ወስኗል?

ሕግ 4ኛ ዓመት፦ አልወሰነም ጋሼ። ክፍያው የየአገሩ ሕግ ጉዳይ ነው ብሎ ተወው። እውነቱን መናገር አለብኝ።

ጡረተኛው፦ እንግዲህ አየህ። የሥራ ሰዓት መሆኑና እኩል መከፈሉ ለየቅል ናቸው። ደግሞ 8 ደቂቃና 2 ሰዓት አንድ አይደሉም። በ2 ሰዓት ውስጥ ሰው ገበያ ይወጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል።

የማራኪ ልጅ፦ ለቅሶ ይደርሳል፣ ግን ልቅሶው መሀል ተነስቶ ይሄዳል። ጠላ አይቀምስም። ጋሼ፣ እርስዎ ያለ ጠላ ሠርግ ሄደው ያውቃሉ? ከከተማው ደግሞ መውጣት የለም። ከጎንደር ብናየው፣ ከዚህ ጎርጎራ ወርዶ ሐይቁን አይቶ መመለስ አይችልም ማለት ነው።

የአዘዞ ልጅ፦ ጋሼ ያሉት ልዩነት በሕጉም አለ። በአውሮፓው ሕግ አየር ማረፊያ ተገኝተህ ከጠበቅህ ሙሉው በዲዩቲ (በሥራ ላይ የዋልክበት ሰዓት) ድምርህ ውስጥ ይገባል። ቤት ሆነህ ከጠበቅህ 25 በመቶው ነው የሚገባው፣ ጥበቃውም ከ16 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ቢያንስ ከ10 ሰዓት በፊት ቀድሞ የሚነገርህ ደግሞ ሌላ ነው፣ ሪዘርቭ የሚባለው እኛ ጋ እሱ ነው፣ አጭሩን ስታንድባይ እንለዋለን። አሜሪካኖቹ ሁለቱንም ሪዘርቭ ይሉና ረጅም ጥሪ፣ አጭር ጥሪ ብለው ይለያሉ። የወንድምህ አጭር ጥሪ ነው። እዚያ አጭር ጥሪ በአንድ ጊዜ ከ14 ሰዓት አይበልጥም። ተጠርቶ ሲበር ደሞ፣ ሦስተኛ አብራሪ ካልተጨመረ፣ ጥበቃው ከጀመረበት ተቆጥሮ ቢበዛ 16 ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ አስቡት። ጥበቃው ንጋት 12 ሰዓት ተጀመረ። ቀኑን ሙሉ አልተደወለም። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ደወሉ፣ 11 ሰዓት ላይ ሪፖርት አደረገ። ከ16ቱ 11 ሰዓት አልቋል፣ 5 ሰዓት ቀርቶታል። ጥበቃ እረፍት ቢሆን ኖሮ ሕጉ እነዚያን 11 ሰዓቶች ባልቆጠረ ነበር። የቆጠራቸው ሰው ሲጠብቅም እንደሚደክም ስለገባው ነው። ለድካም ሲሆን ተቆጥሮ ለደመወዝ ሲሆን እረፍት ነበር የሚባለው ነገር ነው እኔንም የሚያንገበግበኝ።

ባለ አይሱዙ፦ ይሄኛው ገባኝ። ያ ሕግ ከየት መጣ? በፊትም ነበር?

የአዘዞ ልጅ፦ የአሜሪካው የአሁኑ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2014 ነው። መነሻው በ2009 ፌብሩዋሪ ወር ቡፋሎ አጠገብ የወደቀው አውሮፕላን ነው። 50 ሰው ሞተ፣ አንዱ መሬት ላይ ቤቱ ውስጥ የነበረ። ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከአገሪቱ ዳር ከሲያትል ተሳፍራ ነበር ለሥራ የመጣችው። ካፒቴኑ ኤርፖርቱ የሠራተኞች ክፍል ውስጥ ነበር ያደረው። ደመወዟ ዝቅተኛ ነበር፣ ሥራ ያለበት ከተማ መኖር አልቻለችም።

ጡረተኛው፦ የአደጋው ምክንያት ግን የካፒቴኑ አያያዝ ነበር ይባላል እንጂ እንቅልፍ አይደለም።

የአዘዞ ልጅ፦ ልክ ነዎት። መርማሪዎቹ ዋና ምክንያት ያሉት ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ካፒቴኑ የሰጠው የተሳሳተ ምላሽ ነው። ድካሙ ሳይነካቸው አልቀረም፣ በምን ያህል እንደሆነ ግን መለየት አልተቻለም አሉ። ሕግ አውጪዎቹ ግን ያንን አዳር አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። አንድ ነገር ልንገርህ ባለ አይሱዙ፣ ጭነት ብቻ የሚያጓጉዙት አውሮፕላኖች ከዚያ ሕግ ውጭ ተደረጉ።

ባለ አይሱዙ፦ እንዴት? የጭነት ፓይለት አይደክመውም?

የአዘዞ ልጅ፦ ወጪው ይበዛል ተብሎ። የጭነት አብራሪዎች እስካሁን ይከራከሩበታል።

ባለ አይሱዙ፦ ተሳፋሪ ስለሌለ ነዋ። ከኋላ ሰው ካልጫንክ ያንተ ነፍስ አይቆጠርም። ይሄን ነገር እኔ 17 ዓመት አውቀዋለሁ።

ሲስተር፦ ስለ እንቅልፍ ከተነሳ፣ ነሐሴ 2014 ላይ ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው አውሮፕላን ትዝ ይላችኋል? መውረጃው ጋ ደርሶ ሳይወርድ አለፈ፣ አብራሪዎቹ ተኝተው ነበር ተብሎ በዓለም ሁሉ ተወራ። በሰላም አረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ስታንድባይ ነበሩ አልልም። ግን ያኔ ሁሉም ሰው ፌስቡክ ላይ ሲሰድባቸው እኔ ያሰብኩት ስንት ሌሊት ሳይተኙ ቀርተው ይሆን ነው። እኔ ቆሜ መርፌ ይዤ ዓይኔ ተዘግቶ ያውቃል። ነቅቼ ነው የደነገጥኩት። በሽተኛው አላየኝም።

ሕግ 4ኛ ዓመት፦ ታዲያ ደክሞኛል ብሎ እምቢ ማለት አይቻልም?

የማራኪ ልጅ፦ ይቻላል፣ ሕጉም ያስገድደዋል። ለመብረር ብቁ አይደለሁም ማለት ግዴታው ነው። ግን ወንድሜ አዲስ ነው፣ እዚያ ሁሉም ነገር በቅጥር ቅደም ተከተል ነው። ቀድሞ የገባ መስመሩን ይመርጣል፣ መጨረሻ የገባ ሪዘርቭ ይደርሰዋል፣ በዓሉን ይሠራል። አዲስ ሰው በወር ሁለት ጊዜ ደክሞኛል ካለ እንዴት እንደሚታይ ሁላችንም እናውቃለን።

ጡረተኛው፦ ወደው የሚገቡበትም አሉ አሉ።

የአዘዞ ልጅ፦ አሉ። ኤርፖርቱ አጠገብ ቤት ያላቸው አንጋፋዎች። ብዙ አይጠሩም፣ ከልጆቻቸው ጋር ይውላሉ፣ ዋስትናውን ያገኛሉ። ለእነሱ ባለ አይሱዙ ያለው እውነት ነው። ለዚያ ነው አንድ ወጥ መልስ የሚጠፋው።

ጡረተኛው፦ እንግዲህ እኔም ልመለስ። ሰዓቱ ይቆጠር፣ ይሄን ተቀብያለሁ። እንደ በረራ ሳይሆን በራሱ ዋጋ፤ አውሮፓው ለዲዩቲ ሩቡን እንደቆጠረው ለክፍያም የሆነ ድርሻ ይቁረጡለት። የ216 ሩብ 54 ነው። ከዋስትናው ውስጥ ነው ወይስ በላዩ ላይ የሚለው ላይ ይጣሉ። እኔ በላዩ ላይ አልልም።

የማራኪ ልጅ፦ እኔ በላዩ ላይ እላለሁ ጋሼ፣ ቢያንስ ሲበር የዋለ ቀን። አሁን እሱኑ ልጠይቀው፣ እዚያ ገና ጠዋት ነው።

...

የማራኪ ልጅ፦ መለሰ። እንዳለ ልጻፈው። «ገንዘቡን አልጠላም። ግን ምረጥ ካላችሁኝ ብሩን ትታችሁ ማታውኑ ንገሩኝ። ነገ ትሠራለህ ወይም አትሠራም በሉኝና እንደ ሰው ልተኛ። ረጅም ጥሪ ያላቸው የሚያገኙት እሱን ነው።» ይሄን ብሎ ዘጋ፣ ጥበቃው ሊጀምር 10 ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ሲስተር፦ እኔም እሱን ነው የምፈልገው።

ባለ አይሱዙ፦ ተኝቶ ነው የሚከፈለው ያልኩትን አነሳለሁ። ለእናታችሁም ይቅርታ በልልኝ። እኔም አሁን ስልክ እየጠበቅኩ ነው። ጭነቱ ሌሊት 9 ሰዓት ሊወጣ ይችላል ብለውኛል፣ ላይወጣም ይችላል ብለውኛል። እስካሁን አልተኛሁም።