ነጭ ጤፍ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ነጭ አዝሙድ፦ «ዝርያ» የሚባለው የቱ ነው?

እንቆቅልሽ፦
ሰላም ለቤቱ። አንድ የግብርና ጽሑፍ እያረምኩ አንድ ቃል ላይ ተቸክያለሁ። መጀመሪያው አንቀጽ «ጤፍ ከሣር አስተኔ የሚመደብ አንድ ዝርያ ነው» ይላል። ወረድ ብሎ ደግሞ «በአገራችን በርካታ የጤፍ ዝርያዎች አሉ» ይላል። እና አንድ ነው ወይስ ብዙ? ጸሐፊውን ብጠይቀው «ሁለቱም ልክ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ደግሞ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ የሚባሉት ማን ከማን ይበልጣል? ባዮሎጂ የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አማርኛው ላይ ስደርስ ባዶ ነኝ።

የአድአ ልጅ፦
ሰውዬው አልተሳሳተም፤ ስልክ መዝጋቱ ግን ነውር ነው። እኛ ግብርና ላይ ያለን ሰዎች «ዝርያ» የምንለው ስም ወጥቶለት የተለቀቀውን፣ ገበሬው ገዝቶ የሚዘራውን ነው። ከብት እርባታ ብትሄጂም ሆልስታይን አንድ ዝርያ፣ ጀርሲ ሌላ ዝርያ ሲሉ ትሰሚያለሽ። ለሥነ ሕይወት ሰው ግን ሁለቱም ያው ላም ናቸው። ጤፍም እንደዚያው ነው፤ ነጩም ቀዩም ሰርገኛውም በሙሉ አንድ ዝርያ ነው፣ ኤራግሮስቲስ ቴፍ ይባላል። ሰርገኛማ ነጩና ቀዩ የተደባለቀበት ነው፤ ለብቻው ምንም አይደለም።

ማስረጃ ካስፈለገ ቁንጮን እንይ። የደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት ጤፍ አዳቅሎ ነው ያገኘው። አንዱ ማኛ ነው፤ ገበያ የሚወደው፣ ነጩ። ሌላው ዱከም የሚባለው፣ ምርቱ የሚበዛው። በ2006 እ.ኤ.አ. ተለቀቀና ገበሬው እጅ በእጅ ተቀባበለው። ማዳቀሉ እንዲህ በቃል እንደምናወራው ቀላል እንዳይመስልሽ። የጤፍ አበባ ራሷን በራሷ የምታዳቅል ናት፣ የምትከፈተውም ጠዋት 1 ሰዓት ገደማ ለጥቂት ጊዜ ነው። ይህ የታወቀው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። አዳቃዩ በማጉያ መነጽር ሥር ቁጭ ብሎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ሦስቱን የወንዴ ክፍሎች ብናኛቸውን ሳይለቁ በቀጭን መቆንጠጫ ለቅሞ ያወጣል። ከዚያ የሌላኛውን ጤፍ ብናኝ ያስነካታል። እጁ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ አበባዋ የለችም። ተሳክቶለት የወጣው ዘር በቅሎ፣ አፍርቶ፣ ፍሬው ተመልሶ ከተዘራ ወላጆቹ በሥነ ሕይወት አነጋገር አንድ ዝርያ ናቸው ማለት ነው።

ግእዝ ናፋቂ፦
የአድአው ልጅ ያለው ላይ ተረት ልጨምር። «በቅሎን አባትህ ማን ነው ቢሉት እናቴ ፈረስ ናት አለ» እንላለን፤ ጥያቄ ሲሸሽ፣ የሚያኮራውን ብቻ ሲያወራ ለተገኘ ሰው የምንተርተው ነው። አባትየው አህያ ነዋ! በቅሎ ዳገት ታውቃለች፣ ጭነት ትችላለች፣ ግን አትወልድም። ፈረስና አህያ ተገናኝተው የሚወልድ ልጅ ስለማያገኙ ሁለት ዝርያ ናቸው። በቅሎን ማስገኘት መቻላቸው ግን በጣም ቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያሳያል። ይቺ ቅርበት ናት በአማርኛው «ወገን» የተባለችው።

ቅደም ተከተሉ ከትልቁ ወደ ትንሹ፦ ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ። ፈረስን ብትወስጂ ስፍኑ እንስሳ፣ መደቡ አጥቢ፣ ወገኑ ኤኩውስ ነው። አህያም ኤኩውስ ነው፣ የሜዳ አህያም ኤኩውስ ነው። ቃላቱን የመረጡት ሰዎች ደህና ጆሮ ነበራቸው እላለሁ። «ወገኔ» ስንል የቅርቤ፣ ከጎኔ የሚቆም ማለታችን ነው። «የእገሌ ዝርያ» ሲባል ደግሞ ከእገሌ የተወለደ ነው፤ ቃሉ ከዘርዐ ነው የመጣው። ራሱን «ዘር»ን እንዳይወስዱ፣ ዘር እህሉም ነው፣ ሰውም ነው፣ ዛሬ ደግሞ ሲነኩት የሚያስጮህ ነገር ሆኗል።

ዳገት፦
ጋሼ የሜዳ አህያን ካነሱ አይቀር፣ የኛ አገሯ፣ ያቺ ጥቅጥቅ ያለ ቀጭን መስመር ያላት፣ የሳይንስ ስሟ ኤኩውስ ግሬቪ ነው። ግሬቪ ማን ነው? የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የነበረው ዡል ግሬቪ። በ1882 እ.ኤ.አ. ምኒልክ፣ ያኔ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ አንዷን በስጦታ ላኩለት፤ እዚያ ያሉ አጥኚዎች ሲያዩዋት ከሚያውቋቸው የተለየች ሆነችና በፕሬዚዳንቱ ስም ጠሯት። ላኪው ቀርቶ ተቀባዩ ስም አተረፈ።

ባለ ቅመም፦
ቆይ፣ ነጭና ቀይ የሚለው ላይ ትንሽ ልናገር፣ ሥራዬ ነውና። የአድአው ልጅ ነጭ ጤፍና ቀይ ጤፍ አንድ ዝርያ ናቸው ካለ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትስ? እኔ ለደንበኛ «ሽንኩርት ነው» ብዬ አንዱን በሌላው ብቀይርበት ድስቱን ይዞ ይመጣብኛል። ነጭ አዝሙድና ጥቁር አዝሙድስ?

የአድአ ልጅ፦
እህቴ፣ ዋናውን ነገር አመጣሽው። ነጭ ሽንኩርት አሊየም ሳቲቩም ነው፣ ቀይ ሽንኩርት አሊየም ሴፓ። የፊተኛው ስማቸው አንድ ስለሆነ ወገናቸው አንድ ነው፣ ዝርያቸው ግን ሁለት። ባሮ ሽንኩርትም እዚያው አሊየም ውስጥ ነው።

አዝሙዱ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ጥቁር አዝሙድ ኒጌላ ሳቲቫ ነው። ነጭ አዝሙድ ትራኪስፐርመም አሚ። ወገን ቀርቶ አስተኔ እንኳ አይጋሩም! ነጭ አዝሙድ ከድንብላል፣ ከእንስላልና ከካሮት ጋር ነው የሚመደበው። ሲያብብ ብታዪው አበባው እንደ እንስላል በትንንሽ ዘንግ ላይ ጃንጥላ ሆኖ ይዘረጋል። ጥቁር አዝሙድ አበባው አንድ አንድ ሆኖ ነው የሚቆመው፣ ጥቁሩ ፍሬ የሚቀመጠውም ያበጠ ቋት ውስጥ ነው። ሁለቱን «አዝሙድ» ያሰኛቸው ወጥ ቤት ነው፤ የእጽዋት ዘመድነት የለበትም።

እንቆቅልሽ፦
እንዴ! ስለዚህ «ነጭ» የምትለዋ ቃል ጤፍ ላይ ስትመጣ ዝርያውን አትለውጥም፣ ሽንኩርት ላይ ዝርያ ትለውጣለች፣ አዝሙድ ላይ አስተኔ ታሻግራለች። ያው አንድ ቅጽል። የባሕር ዛፉስ?

የአድአ ልጅ፦
እንደ ሽንኩርቱ ነው። ነጭ ባሕር ዛፍ ዩካሊፕተስ ግሎቡለስ፣ ቀይ ባሕር ዛፍ ዩካሊፕተስ ካማልዱሌንሲስ። ሁለት ዝርያ።

ሜሪላንድ፦
እዚህ ሱቅ ውስጥ ልጣጩም ሥጋውም ነጭ የሆነ «ቀይ ሽንኩርት» አለ። እናቴ ስትመጣ «ያን ነጩን ቀይ ሽንኩርት አምጣልኝ» ትለኛለች። አንድም ቀን ተሳስቼ ነጭ ሽንኩርት አምጥቼላት አላውቅም፣ እኔና እሷ እንግባባለን። በአማርኛ «ቀይ ሽንኩርት» የሚለው ቀለም መሆኑ ካበቃ ቆይቷል፣ ስም ሆኗል። «ነጭ ቀይ ሽንኩርት» ማለት የሚቻለውም ለዚህ ነው።

ግእዝ ናፋቂ፦
ሁለት ስም መደራረቡን ሥርዓት ያደረገው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ነው። ለእጽዋት ስም መነሻ የሚቆጠረው በ1753 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ነው፣ ለእንስሳት ደግሞ የ1758ቱ። ከዚያ በፊት አንድ አበባ ለመጥራት ግማሽ መስመር የሚሄድ የላቲን ገለጻ ይጻፍ ነበር። እሱ አሳጠረው፦ አንድ የወገን ስም፣ አንድ የዝርያ ስም፣ አለቀ። እኛ አገር ስም ስንጠራ ሰውዬውን እናስቀድምና አባቱን እናስከትላለን፤ ላቲኑ በተገላቢጦሽ የወገኑን አስቀድሞ የራሱን ያስከትላል። «አሊየም ሳቲቩም» በኛ ወግ ቢሆን «ሳቲቩም አሊየም» ነበር የሚባለው።

«ሳቲቩም» እና «ሳቲቫ» አንድ ቃል ናቸው፣ ሰዋስው ነው የለያያቸው። ትርጉሙ «የሚዘራ» ነው። ነጭ ሽንኩርትም ጥቁር አዝሙድም ላይ ስላየሽው ዘመዳሞች ናቸው እንዳትዪ፤ የሁለተኛው ስም መመሳሰል ዝምድና አይናገርም፣ የሚናገረው የመጀመሪያው ነው። «ኤራግሮስቲስ» ደግሞ ከግሪክ ነው የመጣው፣ ኤሮስ ፍቅር፣ አግሮስቲስ የሣር ስም። «የፍቅር ሣር» እንደማለት። እንጀራ ለሚወድ ሰው ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ዳገት፦
ሁሉም ጥሩ፣ ግን ቡናን «ኮፌያ አረቢካ» ያለው ያው ሊኒየስ አይደለም? መነሻው የኛ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑ ከታወቀ ለምን አይስተካከልም?

የአድአ ልጅ፦
ደንቡ አይፈቅድም። ስም ቀድሞ በሥርዓቱ ከወጣ፣ ትርጉሙ የተሳሳተ ነው ተብሎ ብቻ አይነሳም። ካማልዱሌንሲስ ያልኩት ቀይ ባሕር ዛፍ የአውስትራሊያ ዛፍ ነው፤ ስሙን ያገኘው ግን ጣሊያን ውስጥ ኔፕልስ አጠገብ ካለ፣ ካማልዶሊ ከሚባል ቦታ አትክልት ሥፍራ ነው፤ ለሳይንስ የተገለጸው እዚያ ተተክሎ የተገኘው ዛፍ ስለሆነ። አረቢካም ሊኒየስ ዘመን ቡና ከየመን ይመጣ ስለነበር ነው። ስም አድራሻ አይደለም በቃ።

ዳገት፦
በፍጹም አይነካም አትበል። በ2024 እ.ኤ.አ. ማድሪድ በተደረገው የእጽዋት ተመራማሪዎች ጉባኤ «ካፍራ» የሚለውን ቃል ድምፅ ሰጥተው ለውጠውታል፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የጥቁሮች መሳደቢያ ስለነበር። መጀመሪያ ላይ ያለውን የ«ክ» ድምፅ አውጥተው «አፍራ» አደረጉት፣ ከ200 በላይ ስም ነው የነካው። ስለዚህ ሲፈልጉ ይቻላል።

የአድአ ልጅ፦
እሱ እውነት ነው። ግን ያ ስድብ ስለሆነ እንጂ ስህተት ስለሆነ አይደለም። አረቢካ ስድብ አይደለም፣ ብቻ ያበሳጫል።

ባለ ቅመም፦
አማርኛችንስ እዚያ ውስጥ ምንም አልገባም?

ግእዝ ናፋቂ፦
ገብቷል እንጂ! ጤፍ ራሱ «ቴፍ» ሆኖ ገብቷል። እንሰት የወገን ስም ሆኗል፣ ኤንሴቴ ቬንትሪኮሱም ይላሉ፤ ይሄ ትልቅ ማዕረግ ነው፣ ሌላ አገር ያሉት ዘመዶቹ ሁሉ በኛ ቃል ነው የሚጠሩት። ዋልያ «ካፕራ ዋሊ»፣ ጭላዳ «ቴሮፒቴከስ ገላዳ» ናቸው። ሁለቱንም ለሳይንስ ያስተዋወቃቸው ጀርመናዊው ሩፔል ነው፣ በ1835 እ.ኤ.አ.፣ የሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን ዞሮ። ጭ የሚል ድምፅ አፉ ላይ አልመጣለትም መሰለኝ ገላዳ ብሏት ቀረች። ኮረሪማም «አፍራሞመም ኮረሪማ» ነው፤ ባለ ቅመም፣ ይቺ ያንቺ ናት።

ቀይ ቀበሮንም «ካኒስ ሲመንሲስ» ያለው እሱ ነው፣ «የሰሜኑ» ለማለት። ዛሬ አብዛኞቹ ያሉት ባሌ ነው። «ካኒስ» ደግሞ የውሻና የተኩላ ወገን ነው። ስለዚህ በአማርኛ ቀበሮ፣ በላቲን ከተኩላ ጎን፤ በዘር ምርመራም የቀረበችው ለተኩላ ነው።

ሜሪላንድ፦
እኔ ቀበሮ ማለቴን አልተውም።

ግእዝ ናፋቂ፦
ማን ተው አለህ ልጄ? የሕዝብ ስም በደንብ አይገዛም።

እንቆቅልሽ፦
ወደ ጽሑፌ ልመለስ። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ጤፍ በሥነ ሕይወት አመዳደብ አንድ ዝርያ ነው፤ ገበሬው የሚዘራቸው ዓይነቶች ግን በርካታ ናቸው።» ይሄዳል?

የአድአ ልጅ፦
ለአንባቢ ይሄዳል። ግብርና ቢሮ ውስጥ ግን «የተሻሻለ ዓይነት» ብትዪ ማንም አይገባውም፣ «የተሻሻለ ዝርያ» ነው የሚባለው፤ በሕግም በወረቀትም እንደዚያ ነው። እኔ ብሆን ሁለተኛውን ዝርያ እተወዋለሁ፣ መጀመሪያው ላይ ግን የላቲኑን ስም አንዴ እጨምራለሁ። «አንድ ዝርያ ነው፣ ኤራግሮስቲስ ቴፍ» ካልሽ በኋላ ቁንጮን ዝርያ ብትዪው ማንም አይምታታበትም።

እንቆቅልሽ፦
የላቲኑ ስም ሲጻፍ የወገኑ በትልቅ ፊደል፣ የዝርያው በትንሽ፣ ሁለቱም ዘንበል ብለው ነው አይደል? በፊደላችን ምን ላድርግ? ትልቅና ትንሽ የለንም።

ግእዝ ናፋቂ፦
በትእምርተ ጥቅስ አስገቢው። ዘንበል ያለ የግእዝ ፊደል ማተሚያ ቤት ሲደርስ ይበላሻል።